ለማናለብሽ ያልተያዘ ብልቃጥ

በኮሶበርና በዘንገና ዙሪያ ሰው ሲሞት አስቀድሞ ወደ ቄሱ፣ ቀጥሎ ወደ ደጊቱ ይላካል። ቄሱ ነፍሱን ይሸኛል፤ ደጊቱ ደግሞ ስሙን። ሙሾ ስታወርድ የሟቹን አባትና አያት፣ የሠራውን፣ የጎደለበትን፣ የሚወደውን ፈረስ ሳይቀር እያነሳች ነው። በአገውኛ ትጀምራለች፤ ከዳንግላ የመጣ ለቀስተኛ ሲበዛ ወደ አማርኛ ታዞረዋለች። አንድ ጊዜ የሰማት ሰው «እኔንስ ምን ብላ ታለቅሰኝ ይሆን?» ሳይል ወደ ቤቱ አይመለስም።

ከዚህ በቀር ከሰው የተለየ ነገር አልነበራትም። እንደ ሰው ገብስ ትዘራለች፣ ድንች ትኮተኩታለች፣ ጭጋግ ሲወርድ በሯን ዘግታ እሳት ትሞቃለች። ባሏ እህል ሊነግድ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት እዚያው ቀርቷል። ከእሱ የተረፈቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ማናለብሽ። እሷንም ብቻዋን አሳድጋ፣ ቀርከሃ ለሚነግደው ለአዝመራው ድራ ግምጃ ቤት ወደምትባለው መንደር ላከቻት። ከዚያ በኋላ የደጊቱ ጓደኛ ደጇ ላይ የቆመው የኮሶ ዛፍ ብቻ ሆነ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ጠፈፍ ሲል፣ አንድ ላንድሮቨር ከዳንግላ በኩል መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ። ከውስጡ ሦስት ሰው ወረደ። አንደኛው ሊንድ የሚባል ከስዊድን የመጣ ረዥም ሐኪም ነው። ሁለተኛዋ ካማላ የምትባል ህንዳዊት ሐኪም ናት፤ ልብሷ ዙሪያዋን ተጠምጥሞ ትከሻዋ ላይ ስለሚያልቅ ሴቱ ሁሉ ሐኪምነቷን ትቶ አለባበሷን ያጠና ጀመር። ሦስተኛው አየነው ነው፤ የዳንግላ ክሊኒክ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት።

ዕለቱ እሑድ ነበርና ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ከበባቸው። ሊንድ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ አየነው ወደ አማርኛ ይመልሳል። አገውኛ ግን አየነው አይሰማም። ባላገሩ እርስ በርሱ ሲተያይ ጊዜ «ኧረ አገውኛ የሚያስረዳልኝ ሰው!» ብሎ አየነው ጮኸ። ሰዉ ደጊቱን ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ፊት አወጣት።

«አልቃሻችን አለች!» አለ አንዱ። «የሞተ የምታናግር፣ የቆመማ አያቅታትም።»

እንዲህ ሆኖ ነው ሥራውን የጀመረችው። የዚያን ቀን በአፏ ያለፈውን ነገር እስከ እርጅናዋ አልረሳችውም። ኩላሊት ማለት ከጎድን ሥር ያለ የሰውነት ወንፊት ነው አሉ። አንዳንዱ ሰው ላይ ወንፊቱ ቀስ እያለ ይደፈናል። አያመውም፣ አያቃጥለውም፤ እያረሰ፣ እየጋለበ፣ እየወለደ ዓመታት ይሄዳል። ፊቱና እግሩ ማበጥ ሲጀምር ነገሩ አልቋል። ለምን እንደሚይዝ በየትኛውም አገር የደረሰበት የለም። ስለዚህ በስዊድንም፣ በህንድም፣ እዚህም አንዳንድ አገር ተመርጦ፣ ሐኪሞቹ በየዓመቱ እየተመላለሱ እነዚያኑ ቤቶች፣ እነዚያኑ ሰዎች ሊያዩ ተስማምተዋል። የአንድ አገር ሰው ብቻውን አይችለውም፤ የአንድ ዓመት ሥራም አይደለም።

ቄስ አበረ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ፊት ቀረብ አሉ። «ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው ይላል ዳዊት። እናንተን ማን ሾማችሁ?»

ሊንድ ሲነገረው ትንሽ አሰበና መለሰ፤ አየነው እየሳቀ ተረጎመው። «ኩላሊቱንስ እሱ ይመርምር፤ እኛ የምናየው ሽንቱን ብቻ ነው ይላል።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ቄሱም ሳቁ፤ ቆየት ብለው ግን ሌላ ጠየቁ። «መድኃኒቱስ?»

«ገና ነው።»

«ለእኛ ይደርሳል?»

ሊንድ አልዋሸም። «ለእናንተ ላይደርስ ይችላል። ለልጅ ልጆቻችሁ ይደርስ ይሆናል።»

ይህን ወደ አገውኛ ስትመልሰው ደጊቱን ቅር አላት። ሰው ለልጅ ልጁ ዛፍ ይተክላል፤ ሽንት ይሰጣል ሲባል ግን አልሰማችም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሸናውን ነው። ስለዚህ ደጊቱ ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን ተከናንባ በየቤቱ ትዞራለች። ብልቃጥ በእጅ አይያዝም፤ ይንሸራተታል፣ ይቀላቀላልም። አዝመራው ከቀርከሃ ቅርጫት ሠራላት፤ ውስጡ ለየብልቃጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። በር ላይ ቆማ የባለቤቱን ስም ትጠራለች፣ ብልቃጡን በበሩ ስንጥቅ ታቀብላለች፣ ዞር ብላ ትጠብቃለች። አፍሮ የሚቆጣ፣ አስቆ የሚመልስ፣ «ዛሬ አልመጣልኝም» ብሎ ወደ መኝታው የሚመለስ አይጠፋም።

ቅርጫቱ ወደ ሐኪሞቹ ድንኳን ሲገባ አየነው ከእያንዳንዱ ብልቃጥ ጥቂት ወደ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ይገለብጥና በመብራት እሳት ያሞቀዋል፤ ኮምጣጤ ነገርም ጠብ ያደርግበታል። ጤነኛ ከሆነ እንደጠራ ይፈላል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከሆነ ይነጣል፤ አይብ ሲፈላ አጓቱ ውስጥ እንደሚበጣጠሰው ይሆናል። የቀረው በበረዶ ተጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ የአንዱ አገር ሐኪም ያየውን ሌላው ደግሞ አይቶ ካልመሰከረ አይታመንምና።

«እኔ ጎንደርን ሳላይ ልሞት ነው» አለ አያ ሀብቱ የተባለው ፈረሰኛ፣ «ሽንቴ ግን በአውሮፕላን ይሄዳል። መጥቶ ያየውን ቢያወራኝ!»

አያ ሀብቱ በጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ወጥቶ የሚስተካከለው የለም ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ውሃው ነጣ። ደጊቱ ስትነግረው በሳቅ ሞተ። «እኔ? አንች ሴት፣ ተሳስተሽ ፈረሴን ነው የቀዳሽው!» በሁለተኛውም ዓመት ነጣ። በሦስተኛው ዓመት እግሩ ከእርካቡ አልገባ አለ። ፊቱ እንደ ሊጥ አብጦ፣ ጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ እየቀረ፣ ከጾሙ በፊት ሞተ። ፈረሱ ተጭኖ በለቅሶው መሀል ሲዞር ደጊቱ እንዲህ አለች፦

ጠላት በደጅ ቢሆን በር ይዘጋበታል፣
ከጎድን ሥር ያለ በምን ይመከታል።

ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። ደጊቱ ግን ሙሾው ካፏ ሲወጣ አንድ ነገር ተሰማት። ይህን ሞት እሷ አስቀድማ አውቃው ነበር። ሌላው ለቀስተኛ ዛሬ ሲያለቅስ፣ እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውየውን ባየች ቁጥር በሆዷ ስታለቅሰው ኖራለች። ገበያ ላይ ሲስቅ ባየችው ጊዜ ሁሉ የሙሾው ስንኝ ሳትጠራው ይመጣባት ነበር።

ከሀብቱ ቀጥሎ የአዘና መንገድ ላይ የምትኖር አንዲት ባልቴት ሞተች፤ የእሷም ነጥቶ ነበር። ከዚያ አንድ አናጺ። ሁሉንም የቀዳች ደጊቱ፣ ሁሉንም ያለቀሰች ደጊቱ። ወሬውም ተነሣ። ሰው ብልቃጡን የያዘውን እጅ እንጂ ወንፊቱን አያይማ። ጎረቤቷ ወርቅአየሁ አፏን የማትጠብቅ ሴት ነበረች፤ ወንዝ ዳር ሴቶች ተሰብስበው ባሉበት ጀመረቻት።

«ደጊቱ፣ አንችስ ታድለሻል! ጧት በብልቃጥ ትቀጅዋለሽ፣ ማታ በሙሾ ትሸኝዋለሽ። ሁለት እንጀራ ያለው ሰው አይራብም።»

«አንችን ስሸኝ በደንብ አሳምሬ ነው፣ አይዞሽ» አለች ደጊቱ። ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ አብሯት አልገባም።

ከዚያ ወዲያ አንዳንዱ በር ስትጠራ አይከፈትም። አንዳንዱ ስሙን ስትጠራው ዝም ይላል፤ ሞት ሲጠራ ያልመለሰ ያመልጣል እንደሚባለው። ከሁሉ የከፋው ግን እሷ ራሷ ማመን መጀመሯ ነበር። ስም ጠርታ በሩ ሲከፈትላት፣ የወጣው ሰው ከነነፍሱ እያለ የራሱን ለቅሶ ሊቀበል የመጣ ይመስላታል። ሐኪሞቹ የሚሉትን ታውቃለች፤ ብልቃጥ አይገድልም፣ ያለውን ነው የሚያሳየው። ቃሉን ስንት ጊዜ በአገውኛ ተናግራዋለች። ነገር ግን ቃሉ በእሷ በኩል ያልፋል እንጂ እሷ ዘንድ አያድርም ነበር። ውሃ ሌላውን ሲያጠጣ ቦዩ ምን ይጠቀማል?

ካማላም አንድ ነገር ደጋግማ ታስነግራት ነበር። «ፊቱ ያበጠ ሰው፣ ውሃው የነጣ ሰው ኮሶ አይጠጣ። አንጀቱን ያጥበዋል፣ ጉልበቱን ይወስደዋል፣ የደከመውን ኩላሊት ይባስ ያደክመዋል።» ሰዉ ይስቃል። ኮሶ በየሁለት ወሩ የማይጠጣ ማን አለ? አገሩ ራሱ ኮሶበር ተብሎ! ደጊቱ ግን አንድም ሳታስቀር ትናገረዋለች።

በአምስተኛው ዓመት፣ ሐኪሞቹ ድንኳናቸውን በተከሉ ሰሞን፣ ማናለብሽ ከግምጃ ቤት እናቷን ልትጠይቅ መጣች። ሕፃን ልጇን ውዴን አዝላለች። ጧት ከመኝታዋ ስትነሣ ደጊቱ አየቻት። የዓይኗ ቆብ አብጧል። ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ ብሎ ሥጋው ላይ ሰምጧል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እንቅልፍ ነው» አለች ማናለብሽ። ወዲያው ደግሞ እናቷን ትክ ብላ አየችና ሳቀች። «ኧረ ምን አስደነገጠሽ? አንድ ብልቃጥ አምጭና እንየው። ቅርጫትሽ እዚያ ተሰቅሏል።»

ደጊቱ ወደ እሳቱ ዞራ እንጨት ጨመረች።

«እናቴ፣ ሰምተሽኛል?»

«ለአንች አይደለም እሱ። የግምጃ ቤት ሰው አልተመዘገበም።»

«አየነውን እኔ እለምነዋለሁ። እሱ ምን ቸገረው፤ ብልቃጥ ቢጨምር ላንድሮቨሩ አይከብደው።»

«ለዓመት።»

«ለዓመት ምን?»

«ለዓመት እይዝልሻለሁ። አሁን ጡት ታጠቢያለሽ፤ ደክሞሽ ነው።»

ማናለብሽ ልጇን ወደ ፊቷ አዞረቻትና እንደ ቀልድ አድርጋ ለሕፃኗ ተናገረች። «አየሽልኝ አያትሽን? የአገሩን ሽንት በሙሉ ባሕር አሻግራ፣ ለእኔ ሲሆን እጇ ታሰረ። ለእኔስ? በያት።»

ደጊቱ ቅርጫቱን አውርዳ ወጣች። የዚያን ጧት በየደጁ ስትጠራ ድምፅዋ ሻከረ። ስትመለስ ማናለብሽ እንጨት ፈልጣ፣ ቤት ጠርጋ፣ እየዘፈነች ነበር። የታመመ ሰው ይዘፍናል? አይዘፍንም፣ አለች ደጊቱ በልቧ። ሐኪሞቹም ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። ቅርጫቱ ምሰሶው ላይ ተሰቀለ።

በኅዳር እብጠቱ ወደ እግሯ ወረደ። አዝመራው ማናለብሽን በበቅሎ ጭኖ አመጣት። «እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው» አለ። ደጊቱ የምታውቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የብልቃጡ መንገድ ነው፤ እሱ መጨረሻው የት እንደሆነ ደግማ ደጋግማ አይታዋለች። ሌላው ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ ሆድ ሲነፋ፣ ሰውነት ሲከብድ ከደጅ የሚሸመጠጠው። የካማላ ቃል ትዝ ሳይላት ቀርቶ አይደለም። ትዝ ብሏት ነው። እጇ ግን እናቷ ወዳሳየቻት መንገድ ሄደ። ኮሶውን ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ በባዶ ሆድ አጠጣቻት። ማናለብሽ በአንድ ትንፋሽ ጨልጣ ፊቷን አጨማደደችና «የደጅሽ ዛፍ ከአንች ይከፋል» ብላ ቀለደች።

ሲያስቀምጣት ዋለ። አመሻሹ ላይ የእግሯ እብጠት መጉደሉን አይታ ደጊቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። በማግሥቱ ግን ማናለብሽ መቀመጥ አቃታት። በሦስተኛው ቀን ሽንቷ ቆመ። ከዚያ ያየችውን ሰው አለመለየት ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ውዴ አጠገቧ እየዳኸች ሳለች አረፈች።

ለቀስተኛው ከግምጃ ቤት፣ ከአዘና፣ ከዳንግላ መጣ። ክብ ሠርቶ ቆመ። ደጊቱ መሀል ገባች። ሰው ትንፋሹን ዋጠ፤ ለሰው ሁሉ ይህን ያህል ያለች ለልጇ ምን ትል ይሆን ብሎ። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ከፈተች። በዚያ ክብ መሀል እጇ ብልቃጥ እንደሚይዝ ሆኖ ተጨብጦ ቀረ። በመጨረሻ ወርቅአየሁ ናት፣ ያች አፏን የማትጠብቀው፣ እየተንተባተበች የጀመረችላት። ያማረ ሙሾ አልነበረም። ግን የጎደለውን ሞላላት።

አዝመራው ወንድ ብቻውን ሕፃን ማሳደግ አልሆንለት ሲል ውዴን ለደጊቱ ሰጣት፤ እሱ ከገበያ ገበያ እየተመላለሰ ይጠይቃታል።

ጥቅምት ሲደርስ ላንድሮቨሩ እንደ ልማዱ መጣ። ደጊቱ አልሄድም ልትል አስባ ነበር። ነገር ግን አየነው ደጇ ቆሞ «እመት ደጊቱ፣ እግዜር ያጥናዎ» ሲላት፣ እግሯ ራሱ ተነሣ። ከቤት መዋል ይብሳል። በመጀመሪያው ጧት፣ በመጀመሪያው በር ላይ ቆማ የባለቤቱን ስም ጠራች። ከውስጥ «መጣሁ» አለ ሰውየው። ከኋላዋ ደግሞ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ቀለል ባለ የቀልድ ድምፅ፦

«ለእኔስ?»

ዞረች። መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ፈረስ ብቻ ሣር ይግጣል። ወደ ሁለተኛው በር ሄደች፤ ጠራች። «ለእኔስ?» በሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ ጧት ጀምሮ በኮሶበር ውስጥ ስም ጠርታ ያን ድምፅ ያልሰማችበት በር የለም። ለቄስ አበረ ነገረቻቸው፤ ጠበል አስጠመቋት፤ ድምፁ ግን አልተዋትም። የሚያስፈራ ድምፅ ቢሆን ይሻላት ነበር። የሚጠይቅ ብቻ ነው። ቅርጫቱ ውስጥም በአንዱ ቀዳዳ ብልቃጥ ማስገባት ተወች። ሊንድ አይቶ «ይህ ለምን ባዶ ሆነ?» ብሎ ሲያስጠይቃት «ተሰንጥቋል» አለች። አልተሰነጠቀም።

የመጨረሻው ቀን ካማላ ድንኳን ውስጥ ብቻዋን ስትጽፍ ደጊቱ አየነውን ይዛ ገባች። የልጇን ነገር ሁሉ ነገረቻት፤ እብጠቱን፣ የተከለከለችውን ብልቃጥ፣ ኮሶውን። አልሸሸገችም። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ የገደልኋት?»

አየነው መተርጎሙ ከበደው። ካማላ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ኮሶው አድክሟት ይሆናል» አለች በአየነው አፍ። «ኩላሊቷም ከዚያ በፊት አልቆ ይሆናል። አልቆ ከነበረ፣ ኮሶ ባትጠጣም አናድናትም ነበር፤ እኔም እዚህ ሆኜ ባክማት ትሞትብኝ ነበር። ገና ሳያልቅ ከነበረ ግን ብዙ ዓመት በኖረች ነበር። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም። ለማወቅ ብልቃጥ ይፈልግ ነበር።»

ደጊቱ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ሰው ቢሆን ሊያጽናናት በዋሻት ነበር። ካማላ አልዋሸችም፤ ስለዚህ ለማልቀስም፣ ለመጽናናትም የሚሆን ነገር ሳታገኝ ወጣች። እሷ በደለኛ ብትባል ንስሐ ትገባለች፣ ንጹሕ ብትባል ትተኛለች። በሁለቱ መሀል የቀረ ሰው የት ይሄዳል?

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ሊንድ ፀጉሩ ሳሳ፤ አንድ ዓመት እሱ ቀርቶ ሌላ ወጣት ስዊድናዊ መጣ፤ ካማላ ወደ አገሯ ተመልሳ ከዚያ ሆና ሰላምታ ትልክ ጀመር። ሥራው ግን አልተቋረጠም። ውዴም አደገች፤ ጠዋት ጠዋት አያቷን ተከትላ እስከ አጥሩ ትሸኛለች። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሐኪሞቹ ድንኳን ተክለው ሳሉ፣ ብርድ በጠነከረበት ጧት፣ ልጅቱ ከእንቅልፏ ተነሥታ በር ላይ ስትቆም ደጊቱ አየቻት። የዓይኗ ቆብ ከበድ ያለ መሰላት። ብርሃኑ ይሆናል። በፊቷ ተደፍታ ተኝታም ይሆናል። ለደጊቱ ማናለብሽ ራሷ በር ላይ የቆመች መሰላት።

ዕለቱን አዝመራው ለገበያ መጥቶ ነበር። ደጊቱ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«ለውዴ ብልቃጥ ልይዝ ነው» አለችው።

አዝመራው የተቀመጠበትን ትቶ ቆመ። እስከዚያ ቀን ድረስ በአማቱ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። «አይሆንም። ያቀረቡልኝን በልቼ፣ ያዘዙኝን ሠርቼ ኖሬአለሁ። ይኸን ቅርጫትም በእጄ ሠርቼ የሰጠሁዎ እኔ ነኝ። ልጄን ግን በእርስዎ ብልቃጥ አላስነካም።»

«ለምን?»

«እርስዎ አያውቁትም? አገሩ ያወራው የለም ወይ? የቀዱለት ሁሉ የት አለ? ሀብቱ የት አለ?»

«ሞተ።»

«ባልቴቷስ? አናጺውስ?»

«ሞቱ» አለች ደጊቱ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለዓመታት ስታላምጠው እንደኖረች ሆና፣ ጠየቀችው። «ማናለብሽንስ ብልቃጥ ነክቷታል?»

አዝመራው ወደ ተሰቀለው ቅርጫት ዞረ።

«የያዝሁላቸውም ሞቱ፣ ያልያዝሁላትም ሞተች» አለች። «ገዳዩ ብልቃጡ ከሆነ፣ ልጄን ማን ገደላት? ፈርቼ ነው የከለከልኋት፣ አዝመራው። አንተ ዛሬ እንደምትፈራው። እኔ የፈራሁት እጄን ነበር። መፍራት የነበረብኝ አለማየቴን ነው።»

ውጭ የቀርከሃው አጥር በነፋስ ይንቋቋል።

«ቢነጣስ?» አለ አዝመራው። ድምፁ ወርዷል።

«ቢነጣ ኮሶ አታይም። ጨው ይቀነስላታል፣ ወደ ኩላሊቷ እንዳይወርድባት ጉሮሮዋን ባመማት ቁጥር ዳንግላ ትወሰዳለች፣ አየነው በየወሩ ያያታል። ያን ረዥም ስዊድናዊ ታስታውሳለህ? መድኃኒት ተገኘ እንደሆነ ለልጅ ልጅ ይደርስ ይሆናል ብሎ ነበር። የልጅ ልጅ ይቺ ናት፤ ሌላ የለኝም።»

አዝመራው ቅርጫቱን ከምሰሶው አውርዶ ሰጣት።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ደጊቱ ከቤቷ ወጥታ፣ በሩን ከውጭ ዘግታ፣ እንደ እንግዳ ሰው ከራሷ ደጅ ቆመች። ስሙን መጥራት ነበረባት፤ ሥራው እንዲያ ነውና። 

«ውዴ!»

«አቤት አያቴ!» አለች ልጅቱ ከውስጥ እየሳቀች። ከኋላዋም፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር፣ ያ የቀልድ ድምፅ፦ «ለእኔስ?» ደጊቱ አልዞረችም። ብልቃጡን በበሩ ስንጥቅ አቀበለች።

አየነው ቱቦውን እሳቱ ላይ ሲያዘነብል አዝመራው ድንኳኑ ደጅ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ቆሟል። ደጊቱ ግን አላዞረችም። ውሃው ትንንሽ አረፋ አወጣ፤ ተንቀሳቀሰ፤ ፈላ። አየነው ኮምጣጤውን ጠብ አደረገበትና ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያዘው። እሷም አየች። በውስጡ የድንኳኑ ሸራ፣ ከሸራው ባሻገርም የደጁ ብርሃን ይታያል።

«ጠርቷል፣ እመት ደጊቱ» አለ። «ምንም የለባት።»

«እስከ መቼ?»

አየነው በእነዚያ ዓመታት እንደ ካማላ የማይዋሽ ሰው ሆኖ ነበር። «እስከ ዓመት» አላት።

አዝመራው ውጭ ሆኖ ሰምቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ደጊቱ አላለቀሰችም። ብልቃጡን አጠበች፣ ደፍታ አንጠፈጠፈች፣ ቅርጫቱ ውስጥ መለሰችው። እጇ ወደ ባዶው ቀዳዳ ሄዶ ነበር፤ ግን አለፈችው። ያ የውዴ ቦታ አይደለም። የውዴን ከጎኑ አደረገችው፤ ያኛውን ለማናለብሽ ባዶ እንደሆነ ተወችው።

ከዚያ በኋላም በየጥቅምቱ፣ የላንድሮቨሩ ድምፅ ከዳንግላ መንገድ ሲሰማ፣ ደጊቱ ከሁሉ አስቀድማ የራሷ ደጅ ላይ ትቆም ነበር። ትጠራለች። ከውስጥ አንዲት ትመልስላታለች፤ ከኋላ አንዲት ትጠይቃታለች። ለመለሰችው ብልቃጥ ታቀብላለች። ለጠየቀችው የምትሰጠው የላትም፤ ስለዚህ ቆማ ትሰማታለች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለች።